ደም መልስ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፥ ዊኒፔግ ላይ ጥር ሲነጋ፥
ሰማይ ገና ቀለም ሳይዝ፥ ውርጩ መስኮቱን ሲወጋ፥
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፥ የወረፋ ቁጥሬን ይዤ፥
ክንዴን ገልጬ ተቀመጥኩ፥ በብርድ ጥቂት ደንዝዤ።

ማሪቴስ፥ ደም ቀጂዋ፥
ስሜን ትጠይቀኛለች፥ የልደት ቀኔንም፥
ሰባተኛ ጊዜዬ ነው፤ ታውቀኛለች፥ ደንቡ ግን አይቀርም።
«ጨብጥ» ትላለች። እጨብጣለሁ።
ላስቲኩ ሲጠብቅ ጊዜ፥ ሥሩ ብድግ አለ ከክንዴ፥
ስም ያወጣለት ሰውዬ፥ ይህን ቀን አይቶ ነው እንዴ?
ከደም ቅዳ አይደለም የምትቀዳው፥
ከደም መልስ ነው።
ወደ ልብ የሚመለሰው፥ እሱ ነው የቃሉ ሰሙ፥
እኔ የምሰማው ወርቁን ነው፥ በመርፌ ሲጠየቅ ደሙ፦
ደም፥ መልስ።

አስተርጓሚ ነበርኩ እኔ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በችሎት፥
የሰው ቃል በአፌ ሲያልፍ፥ ሳልጨምር፥ ሳልቀንስለት።
ባል «አልመታኋትም» ሲል፥ በእኔ ምላስ ነው የካደው፥
እናት ልጇን ስትለምን፥ የእኔን ጉሮሮ ነው የከበደው።
«እኔ» ነበር የምለው፥ «እሱ» አይባልም፤ ሕጉ ነው።

አንድ ጠዋት ጺሜን ስላጭ፥ ጣቴ አንገቴ ላይ ጉብታ ነካ፥
ሽንብራ የሚያህል፥ የማያም፤
ምንጩ ከምላሴ ሥር ኖሯል ለካ።
ሠላሳ አምስት ጊዜ ጨረር። ምራቄ ደረቀ፥ ጣዕም ጠፋኝ፥
ማሩ አመድ፥ ውኃው ብረት፤ ከድምፄም ሹክሹክታ ተረፈኝ።

ዶክተር ፍሪሰን ሲያስረዳኝ፥ በፖስታ ጀርባ እየሣለ፦
«ዕጢ ካለ ይፈረፈራል፥ ፍርፋሪው ደም ላይ ይወርዳል» አለ፤
«ያንን ለቅመን እንለካለን። ግን ቆዳ ሲቆጣ፥ ኩላሊት ሲደክም፥
ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል፤ ካንሰር ኖሮም ዝም ይላል ደም።
በቁጥር ብቻ አልፈርድም። አንገትህ በምስል ይታያል፥
ካጠራጠረም ከሥጋው ተቆርጦ ይመረመራል።»
ለራሴ ወደ አማርኛ መለስኩት፥ እንደ ልማዴ፦
ሌባሻይ።
ዳኛ አይደለም።
ልጁ ጠጥቶ ሲሮጥ፥ መንደሩ ትንፋሹን ውጦ፥
ከሌባው ደጅ ይወድቃል፤
አንዳንዴም ይገኛል፥ ከንጹሕ ጓዳ ሰምጦ።

መጀመሪያ ዐሥራ አንድ ነበር። ከጨረሩ በኋላ ሁለት።
ከዚያ አንድ ተኩል። አሁንም አንድ ተኩል።
ባለቤቴ አስካለ ከፍሪጁ በር ጻፈችው፥ ከመብራት ሂሳቡ ጎን፥
በጥቅምት አራት ሲሆን ግን፥
እስክሪብቶውን አነሣች፥
መልሳ አስቀመጠች።
ዐሥራ ሁለት ሌሊት፥ የምስሉ ውጤት እስኪመጣ፥
ጀርባና ጀርባ ሰጥተን ተኛን፥ እንቅልፍ የሚሉት ሳይመጣ።
ምስሉ ንጹሕ። አንገቴ ንጹሕ።
ፍሪሰን እጅጌዬን ሰበሰበ፥ ክርኔን አየ፥ ፈገግ አለ፦
በዚያ ሰሞን ብርድ የቀሰቀሰው ችፌ ነበር፥ ቆዳዬን ያቃጠለ።
ሌባሻዩ ከችፌ ደጅ ወድቆ ነው እንግዲህ።
አስካለ መኪና ውስጥ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐሉ ላይ
ተሰበረ። ዞር አልኩ፥ እንዳላይ።

ማሪቴስ መርፌውን ነቀለች፥ ጥጥ ጫነችልኝ፥
ስሜን በጠርሙሷ ላይ ለጠፈች፥ «ልክ ነው?» ብላ አሳየችኝ።
አየሁት። አጭር ጠርሙስ፥ ቢጫ ክዳን፥ ገና ሙቅ፥
ለእኔ የሚናገር፥ እኔን ግን ጠይቆ የማያውቅ።
ስንቱን ወክዬ «እኔ» እንዳልኩ፥ ዳኛ ፊት ቆሜ በወጉ፥
ዛሬ ይኸው በእኔ ፈንታ «እኔ» ሊል ተራው ደረሰው፥ ያው ሕጉ።
አደራ አልኩት፥ በሹክሹክታዬ፤
ሳትጨምር።
ሳትቀንስ።
ማሪቴስ «ምን አልክ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ውጭ አስካለ መኪናውን አሙቃለች።
ሐሙስ ነው የሚደወለው።
ዛሬ ማክሰኞ ነው።